የ2007ቱ ሩንስኬፕ በ2013 ሲከፈት፦ ጥለው የሄዱትን ምን መለሳቸው፣ ምንስ አቆያቸው

ኦንላይን አርፒጂ (ካራክተር ይዘው በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር የሚያሳድጉት ጌም) ጥሎ ለዓመታት ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ያውቀዋል ይሄን ነገር። ፓስወርዱን እንደምንም ታገኙታላችሁ፣ አፕዴቱ ወርዶ ወርዶ አላልቅ ይላል፣ ከዛ ትገባላችሁ፣ እና የራሳችሁ ካራክተር የሌላ ሰው ይመስላችኋል። ቦርሳው ውስጥ ምን እንደሚሰራ የማታስታውሱት መአት ዕቃ አለ፣ ያኔ ብርቅ የነበረው ሰይፍ ዛሬ መንገድ ላይ ቢጣል ማንም አያነሳውም፣ የጓደኞች ሊስቱ ከላይ እስከ ታች ኦፍላይን ነው፣ ቻቱ ላይ የሚወራውም ግማሹ አይገባችሁም። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ዞር ዞር ይልና ዘግቶ ይወጣል፣ ሁለተኛም አይመለስም።

ጌም ሰሪዎች ይሄን ስለሚያውቁ ለተመላሽ ሰው ስጦታ ማዥጎድጎድ ይወዳሉ፣ ነፃ ሌቭል እንካ፣ ነፃ ልብስ እንካ፣ ዘለህ ከሌላው እኩል ሁን ምናምን። እኔ በበኩሌ ይሄ ነገር ግራ መጋባቱን ያብሰዋል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሰውዬው የጎደለው ዕቃ አይደለም። አንድ ድርጅት ግን ፍፁም ተቃራኒውን አደረገ፣ ተመላሹ ምንም ሳይሰጠው ያለውንም ሁሉ አስቀርቶ ከዜሮ አስጀመረው፣ ሰውም ተንጋግቶ መጣ። እሱን ጉዳይ ነው እዚህ በደንብ ላየው የፈለኩት፣ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን፣ ማለትም 2013 ላይ እንደገና የተከፈተውን የ2007ቱን ጌም። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው ሰው፣ ሩንስኬፕ የወጣው በጃንዋሪ 2001 ነው። አንድሩ ጋወር የሚባል እንግሊዛዊ ከወንድሙ ከፖል ጋር ሆኖ የሰራው ጌም ነው፣ ድርጅቱ ጃጌክስ ይባላል መቀመጫው ካምብሪጅ ነው። የዛን ጊዜው ትልቁ ነገር በጃቫ ተሰርቶ ብሮውዘር ላይ መከፈቱ ነበረ፣ ኢንስቶል የሚባል ጣጣ የለም፣ ከባድ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ የተወሰነው ክፍል በነፃ ነው። ለዚህ ነው እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙሉ ትውልድ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ አስተማሪ ዞር ሲል እየከፈተ ያደገበት። እኛ ጋ ሂሳቡ በደቂቃ በሚቆጠርበት የኢንተርኔት ካፌ ዘመን ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን ትልቁን ኦንላይን ጌም ልጫወት ማለት ቅዠት ነበረ፣ ሲዲው የት ተገኝቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው በምን ካርድ ተከፍሎ፣ ብሮውዘር ላይ የሚከፈት ነገር ግን መስመሩ ከፈቀደ ይከፈታል በቃ።

ጨዋታው ሲያዩት ምንም አይደለም እውነት ለመናገር። ዛፍ ላይ ክሊክ ታደርጋላችሁ ካራክተሩ ይቆርጣል፣ አሳ ያጠምዳል፣ ይጠብሳል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ብረት ያቀልጣል፣ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሌቭል አለው ከ1 እስከ 99። ግን ኤክስፒው (ሌቭል የሚያሳድገው ነጥብ) የተሰራበት መንገድ ጭካኔ አለበት፣ 99 ለመድረስ 13,034,431 ኤክስፒ ያስፈልጋል፣ የዚህ ግማሽ የሚገኘው ደግሞ 50 ላይ እንዳይመስላችሁ፣ 92 ላይ ነው። ማለትም 92 የደረሰ ሰው ገና መንገዱን አጋምሶ ነው ያለው። ይሄን ቁጥር ያነሳሁት አለምክንያት አይደለም፣ አንድ አካውንት ውስጥ ስንት የሰው ዕድሜ እንደተቀበረ ካልገባን ከዛ በኋላ የሆነው ነገር አይገባንም። ሩንስኬፕን ጥሎ መሄድ ራሱ ከባድ ነበረ፣ ሰው ካልተበሳጨ በስተቀር አይሄድም።

እና ሰውን ያበሳጨው ምንድነው? የመጀመሪያው ዱላ ዲሴምበር 2007 ላይ መጣ። ጌሙ ውስጥ ዊልደርነስ የሚባል ከቫሮክ በስተሰሜን ያለ ሰፊ መሬት አለ፣ እዛ ከገባችሁ ሌላ ተጫዋች ሊገላችሁና የያዛችሁትን ሊወስድ ይችላል፣ ለብዙ ሰው የጌሙ ነፍስ እሱ ነበረ። በሌላ በኩል ደግሞ የጌሙን ጎልድ በእውነተኛ ብር የሚሸጡ ሰዎች ተበራክተው ነበረ፣ ቦት (በሰው ፋንታ የሚጫወት ፕሮግራም) ያሰማራሉ፣ በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ ሜምበርሺፕ (የጌሙን ወርሃዊ አባልነት) ይገዛሉ፣ የካርዱ ባለቤት ሲነቃ ደግሞ ገንዘቡ ከጃጌክስ ላይ ተመልሶ ይወሰዳል። ድርጅቱ አንገቱ ጋ ሲደርስበት ጎልድ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሙሉ ለመድፈን ወሰነ። ዊልደርነስ ውስጥ ድሮ እንደነበረው መጋደል ቀረ፣ ትሬድ ላይ ጣሪያ ተደረገ፣ አንዱ የሚሰጠውና ሌላው የሚሰጠው በዋጋ ተቀራራቢ ካልሆነ ሲስተሙ አያሳልፍም። ለታናሽ ወንድማችሁ ጥሩ ጋሻ በነፃ ልስጥህ ብትሉ አይቻልም። ተጫዋቹ ፋላዶር ከተማ ውስጥ ተሰብስቦ ተቃውሞ አሰማ፣ ብዙውም ሰው በዛው ወጣ። እዚህ ላይ ድርጅቱን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል፣ ሌባው ቤቱን ሲያራቁተው በሩን ዘጋ፣ ችግሩ በሩን ሲዘጋ እንግዳውንም አብሮ ማስወጣቱ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩና ተጫዋቹን ድምፅ አስሰጡ፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ 91 በመቶው ይመለስ አለ፣ ፌብሩዋሪ 2011 ላይ ዊልደርነሱም ነፃ ትሬዱም ተመለሰ። ይሄን ቁጥር ልብ በሉልኝ፣ ጃጌክስ ተጫዋቹን መጠየቅ እንደሚያዋጣ የተማረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ግን ትምህርቱ ወዲያው አልሰራም። 2012 ላይ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። አንደኛው የሚሽከረከር የዕድል ዕጣ ነው፣ በእውነተኛ ብር ተጨማሪ እሽክርክሪት ገዝታችሁ ኤክስፒና ዕቃ የሚወጣላችሁ። 13 ሚሊዮን ኤክስፒ በጣታቸው ቆጥረው ያመጡ ሰዎች ጎረቤታቸው በካርድ ሲገዛው ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። ሁለተኛው ኖቬምበር 20 ቀን የወጣው ኢቮሉሽን ኦፍ ኮምባት የሚሉት አፕዴት ነው፣ የጌሙን ውጊያ ከመሰረቱ ቀየረው። ድሮ ጠላቱን ክሊክ አድርጋችሁ ቁጭ ትላላችሁ፣ ችሎታው ልብስ በሰዓቱ መቀየር፣ ምግብ በሰዓቱ መብላት፣ ፕሬየር (ለጊዜው የሚያግዝ ጸሎት) በሰዓቱ ማብራት ላይ ነበረ። አሁን እንደሌሎቹ ጌሞች ታች ላይ የተደረደሩ በተኖች መጡ፣ ይሄን ተጫን፣ እስኪሞላ ጠብቅ፣ ያንን ተጫን። በራሱ መጥፎ ሥርዓት አይደለም ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ዛሬም ሩንስኬፕ 3 በሚባለው፣ ለውጡን ይዞ በቀጠለው ዋናው ጌም ላይ የሚወዱት ሰዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለቆየው ተጫዋች እጁ የተማረው ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ።

እና በዛ ሰሞን ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ሰው ምን ገጠመው? አካውንቱ አለ፣ ስሙ አለ፣ ሌቭሉ አንድም አልተነካበትም። ቦታው ግን የለም። ያደጋችሁበት ሰፈር ስትሄዱ ቤቱ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበት፣ የቤት ቁጥሩ ብቻ ያው ሆኖ እንደማግኘት ነው። ንብረታችሁ ተጠብቆላችኋል፣ መኖር ግን አትችሉም እዛ። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ቁልፉ ይሄ ነው፣ ጌም ሰሪው ለተመላሹ አካውንቱን መጠበቅ ዋናው አደራ ይመስለዋል፣ ተመላሹ ግን የሚፈልገው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅበትን ቦታ ነው።

ይሄ በእንዲህ እንዳለ ሰዎች በራሳቸው የሚከፍቷቸው፣ ድሮውን ሩንስኬፕ የሚመስሉ ሕገወጥ ሰርቨሮች ነበሩ፣ ሰውም እዛ ይሄድ ነበረ። ማለትም ፍላጎቱ የትዝታ ወሬ ብቻ አልነበረም፣ ሰው ሕጋዊውን ጥሎ ነገ ሊዘጋ የሚችል ነገር ላይ ጊዜውን ያፈስ ነበረ።

ጃጌክስ መዝገቡ ውስጥ ከኦገስት 2007 የተቀመጠ ሙሉ ባክአፕ (የጌሙ ቅጂ) ነበረው። ዕድል ነው እንግዲህ፣ ኦገስት 2007 ማለት የዊልደርነሱ ለውጥ ከመምጣቱ አራት ወር በፊት ነው፣ ግራንድ ኤክስቼንጅ የሚባለው ማዕከላዊ ገበያም ገና አልተከፈተም ነበረ። ባክአፑ የ2009 ወይ የ2010 ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ባይ ነኝ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2013 ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ ማርክ ገርሃርድ ድምፅ ስጡ አለ፣ ይሄን ሰርቨር እንክፈተው ወይ። ድምፁ ደረጃ ነበረው፣ 50 ሺህ፣ 250 ሺህ፣ 500 ሺህ እና 750 ሺህ፣ ድምፁ በጨመረ ቁጥር በመደበኛው የወር ክፍያ ላይ የሚታከለው ተጨማሪ ክፍያ እየቀነሰ የሚመደበው ቡድንም እየጨመረ ይሄዳል ተባለ። ብልህ አሰራር ነው፣ የምትፈልጉት ስንት ናችሁ፣ ብዙ ከሆናችሁ ይረክስላችኋል እንደማለት። ድምፁ ሳይዘጋ ገና ፌብሩዋሪ 22 ላይ ሰርቨሩ ተከፈተ። በመጨረሻ የተቆጠረው 449,351 ሆነ፣ 500 ሺህን ለጥቂት ሳተው።

ከዛ መጣ እንግዲህ ቅድም ያልኳችሁ ውሳኔ። የማንም የድሮ ካራክተር አልገባም። ስድስት ዓመት ያለማው፣ ሌቭሉ 99 የሞላው፣ 2001 ላይ ለገና የተበተነው የወረቀት ኮፍያ ባለቤት የሆነው (እሱ ኮፍያ ዛሬ በሩንስኬፕ 3 የሀብታም ምልክት ነው)፣ ሁሉም ቱቶሪያል አይላንድ ላይ በኮምባት (የውጊያ) ሌቭል 3 ተጣለ። ሽሪምፕ አጥምድ፣ እሳት አንድድ፣ ዳቦ ጋግር፣ አይጥ ግደል፣ ከዛ ለምብሪጅ ግቢ ውስጥ በነሐስ መጥረቢያና በነሐስ ጩቤ ብቅ በል። ሰርቨሩ በተከፈተ ሰሞን ለምብሪጅ ሰው በሰው ነበረ፣ ዶሮ ለመግደል ተራ ይጠበቃል፣ ላም ሳትሞት ቆዳዋ ባለቤት አግኝቷል፣ ዛፍ ሁሉ ጉቶ ብቻ ሆኖ ነበረ።

ለምን ሰራ ይሄ? በአንድ ጊዜ ሁለት ፍርሃት ስላጠፋ ይመስለኛል። ተመላሽ ሰው የሚፈራው አንደኛ አለማወቅን ነው፣ ሁለተኛ ወደኋላ መቅረትን። ቦታው የድሮው ስለሆነ አለማወቁ የለም፣ የምግብ አብሳዩ ኩዌስት (ጌሙ የሚሰጠው ተልእኮ) እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት እንደሚፈልግ እጁ ያስታውሰዋል፣ ወደ አል ካሪድ በሩ ላይ 10 ጎልድ ከፍሎ እንደሚገባ ያውቃል። ሁሉም ከዜሮ ስለጀመረ ደግሞ ወደኋላ የቀረ የለም። አስቡት፣ በሌላ ጌም ተመላሹ ምንም ሳያውቅ ሀብታም ነው፣ እዚህ ጋ ሁሉን እያወቀ ድሃ ነው። ሁለተኛው በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ የሚያውቁትን ነገር ከመጀመሪያው መስራት። ገበያውም እንደዛው፣ ግራንድ ኤክስቼንጅ ስለሌለ ሎብስተር የሚሸጥ ሰው ቫሮክ ምዕራብ ባንክ ጋ ቆሞ እየጮኸ ነው የሚሸጠው፣ ዋጋ የሚወሰነው በክርክር ነው፣ ስለዚህ ሰው ከሰው ጋር የግዱን ያወራል። የጓደኛ ሊስቱ ባዶ የሆነበት ተመላሽ ሊስቱን መሙላት የጀመረው እዛ ገበያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቢቆም ቆንጆ ታሪክ ነበረ፣ ግን አልቆመም፣ ለኔ የሚገርመው ክፍልም ገና አሁን ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ግርግር ሲበርድ ሰዉ መቀነስ ጀመረ፣ ክፉኛ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ ትዝታ ስንቅ አይሆንም ለረጅም መንገድ። የ2007ቱ ልጅ ጌሙን የተጫወተው ሳያውቀው ነው፣ ከጥግ ጥግ እየዞረ፣ እየሞተ፣ ሌላውን እየጠየቀ። የ2013ቱ ጎልማሳ ግን እያንዳንዱ ስኪል (ሌቭል ያለው ሥራ) በምን ፍጥነት እንደሚያድግ በሰንጠረዥ የተሰራለት፣ ዊኪ የተከፈተለት ሰው ነው። ድሮ በዓመት የሚያልቀውን በወራት ጨርሶ ቁጭ ይላል፣ አዲስ ነገር ደግሞ አይመጣም፣ ምክንያቱም የመጣበት ምክንያት አዲስ ነገር እንዳይመጣ ነው! ከዚህ ወጥመድ እንዴት ይወጣል? ካልጨመርክ ሰዉ ይሰለቻል፣ ከጨመርክ ሰዉ የሸሸው ነገር ተመልሶ መጣ ይልሃል።

መፍትሄያቸው እንደገና ድምፅ ነበረ፣ አሁን ግን ለአንዴ ሳይሆን ለሁሉም ነገር። ጌሙ ውስጥ የሚገባ አዲስ ነገር ሁሉ ለተጫዋቹ ይቀርብ ጀመር፣ ያኔ 75 በመቶ ካላገኘ አይገባም ነበረ። ግማሽ ሲደመር አንድ አይደለም፣ ከአራት ሰው ሦስቱ መስማማት ነበረበት። የመጀመሪያው ትልቅ ጭማሪ ጎድ ዋርስ ደንጀን የሚባል የኃይለኛ ጭራቆች ዋሻ ነበረ፣ ኦክቶበር 2013። የሚያስቀው ይሄ ቦታ አዲስ አይደለም፣ ድሮ የወጣው ኦገስት 2007 መጨረሻ ላይ ነው፣ ባክአፑ ከተወሰደ በኋላ በሳምንታት ልዩነት ያመለጣቸው ነገር ነው። ቀስ ብለው ነው የገቡት፣ መጀመሪያ ሰው የሚያውቀውን መለሱ፣ እምነት ሲመጣ ነው ከራሳቸው መፍጠር የጀመሩት፣ 2016 ላይ ዜአ የሚባል ሙሉ አዲስ አህጉር እስከመጨመር ደረሱ። ግራንድ ኤክስቼንጅም ራሱ ስንት ክርክር ተደርጎበት 2015 ላይ ገባ። እኔ የቫሮኩ ጩኸት ቢቀር ደስ አይለኝም ነበር፣ ግን 28 ሎብስተር ለመሸጥ አንድ ሰዓት መቆም የማይችል ሥራ ያለው ሰው በዝቶ ነበረ፣ ድምፁን የሰጡት እነሱ ናቸው።

ድምፁ የይስሙላ እንዳልነበረ የሚያሳየው የወደቀው ነው። 2014 ላይ አርቲዛን የሚባል አዲስ ስኪል ቀረበ፣ ወደቀ። 2019 ላይ ዋርዲንግ ቀረበ፣ ብዙ ተለፍቶበት፣ ሥዕሉ ሁሉ ተሰርቶለት፣ ብዙሃኑ ደግፎት፣ ግን 75 ስላልሞላ ወደቀ። የደከሙበት ሠራተኞች ምን እንደተሰማቸው እንጃ፣ ግን ተጫዋቹ የዛን ቀን አንድ ነገር አወቀ፣ አይሆንም ሲል አይሆንም። ኢቮሉሽን ኦፍ ኮምባት ዓይነት ነገር ጠዋት ተነስቶ አያገኘውም። ለአንድ ተመላሽ ሰው ከዚህ የበለጠ ዋስትና አላውቅም፣ ለሁለት ዓመት ሥራ ይዞት ወይ ልጅ ወልዶ ቢጠፋና ቢመለስ እጁ የሚያውቀው ነገር ይጠብቀዋል።

ጉዳት የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ከ25 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ማንኛውንም ነገር ማስቆም ይችል ነበረ ማለት ነው። በተለይ ዊልደርነስ ውስጥ የሚዋጉት ሰዎች በቁጥር ትንሽ ስለሆኑ ለነሱ የሚጠቅም ነገር ሲቀርብ ሌላው ሰው ስለሚጠላቸው ብቻ አይሆንም ይላል፣ ይሄ ግልፅ ግፍ ነው፣ ለዓመታትም ተጎትቷል። ድርጅቱም የተወሰኑ ማስተካከያዎችን ያለ ድምፅ ማስገባት ጀመረ፣ 2022 ላይ ደግሞ መስፈርቱን ወደ 70 በመቶ አወረደው። ያኔ የተጮኸውን ጩኸት አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ትልቁ የመመለስ ማዕበል የመጣው በስልክ ነው። 2015 ላይ በነፃ የሚጫወት ክፍል ተከፍቶ ነበረ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ደግሞ ጌሙ አንድሮይድና አይፎን ላይ ወጣ፣ የተቆራረጠ የስልክ ስሪት ሳይሆን ያው አካውንት፣ ያው ሰርቨር፣ ኮምፒውተር ላይ ካለው ሰው ጋር አብሮ። በሚገርም ሁኔታ የ2007ቱ ዝግመት ለስልክ የተሰራ ይመስል ነበረ። ጌሙ የሚያስበው በ0.6 ሰከንድ ምት ነው፣ ኮኔክሽናችሁ ትንሽ ቢዘገይም ብዙ አይታወቅም፣ ዛፍ እየተቆረጠ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ሌላ ሥራ ትሰራላችሁ። ድሮ ተማሪ የነበረው ሰው አሁን ሠራተኛ ነው፣ ማታ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አይችልም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን አሳ ማጥመድ ይችላል። እኔንም ያመጣኝ እሱ ነው፣ ባልዋሽ።

አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወርሃዊ ክፍያውን በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፣ ግን ቦንድ የሚባል ነገር አለ፣ አንዱ በእውነተኛ ብር ገዝቶ ጌሙ ውስጥ በጎልድ ይሸጠዋል፣ ገዢው ወደ ሜምበርሺፕ ይቀይረዋል። ማለትም ካርድ የሌለው በጉልበቱ፣ ጊዜ የሌለው በካርዱ። ድርጅቱ ያመጣው ለኛ አዝኖ እንዳልሆነ ግልፅ ነው፣ የጎልድ ሻጮቹን ገበያ ለመሻማት ነው፣ ለኛም ግን ሰራ።

ስለ ጎልድ ሻጭ ካነሳን አይቀር፣ የድሮው ጌም ሲመለስ የድሮው በሽታም አብሮ ነው የተመለሰው። ቬኔዝዌላ ውስጥ ኢኮኖሚው ወድቆ ቦሊቫሩ ዋጋ ሲያጣ ብዙ ወጣቶች ኦልድ ስኩል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ድራጎን እየገደሉ ጎልዱን በዶላር እየሸጡ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ጀመር። 2017 ላይ ዊልደርነስ ውስጥ እነሱን እንዴት አሳዶ መግደል እንደሚቻል መመሪያ የፃፈ ሰው ነበረ፣ ከፍተኛ ክርክርም አስነሳ፣ ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ለሌላው ራት ነው እና። ማርች 2019 ላይ አገሪቷ በሙሉ መብራት ስትጠፋባት ጌሙ ውስጥ ሳይቀር ተወራ። እዚህ ላይ የቱ ወገን ትክክል ነው ብሎ መፍረድ ይከብደኛል፣ ሕጉን ጥሰዋል እውነት ነው፣ ግን ዶላር ፍለጋ ምን እንደሚያስደርግ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ነጥብ ጃጌክስ እንደ 2007ቱ በሩን አለመጠርቀሙ ነው። ቦት ያባርራል፣ አካውንት ይዘጋል፣ ነፃ ትሬዱንና ዊልደርነሱን ግን አልዘጋም፣ ሁለተኛ እሱን ቢያደርግ ሰዉ ሁለተኛ እንደሚሄድበት ያውቃላ።

የዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ባለቤት የሆነው ሌላው ትልቅ ድርጅት ብሊዛርድ ይሄን ነገር ለመቀበል ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ማየት ጥሩ ማነፃፀሪያ ነው። 2013 ላይ፣ ማለትም ኦልድ ስኩል በተከፈተ ዓመት፣ አንድ ተጫዋች መድረክ ላይ ድሮውን ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ትመልሱታላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ጄ. አለን ብራክ የሚባለው ኃላፊ የምትፈልጉት ይመስላችኋል እንጂ አትፈልጉትም ብሎ መለሰ። 2016 ላይ ኖስታልሪየስ የሚባለው መደበኛ ያልሆነ ሰርቨር በጠበቃ ደብዳቤ ሲዘጋ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፒቲሽን ፈረመ፣ ኦገስት 2019 ላይ ያው ብሊዛርድ ራሱ ክላሲክ የሚባለውን የድሮውን ስሪት ከፈተው፣ ወረፋው ለሰዓታት ነበረ። እነሱ ግን ሌላ መንገድ ነው የሄዱት፣ ክላሲኩን ድሮ በሄደበት መስመር ወደፊት እየገፉ ማስፋፊያዎቹን በየተራ ደገሙት። ይሄም ሰው አለው፣ ግን ታሪኩ የታወቀ ፊልም ነው። ኦልድ ስኩል ከ2007 ተነስቶ ወዳልታወቀ ቦታ ነው የሄደው።

እዛ ያልታወቀ ቦታ ላይ በጣም የምወደው ምሳሌ ሴይሊንግ ነው። መርከብ የመንዳት ስኪል መጀመሪያ የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ነበረ። ከዛ 2015 ላይ የምር ቀረበ፣ ወደቀ። ዋርዲንግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ አሰራሩን ቀየሩት፣ ጨርሰው አምጥተው አዎ ወይ አይ በሉ ከማለት መጀመሪያ አዲስ ስኪል ትፈልጋላችሁ ወይ፣ ከነዚህስ የቱን፣ እንዴት ቢሆን እያሉ ደረጃ በደረጃ ጠየቁ። 2023 ላይ አለፈ፣ ኖቬምበር 2025 ላይ ወጣ፣ የኦልድ ስኩል የመጀመሪያው አዲስ ስኪል ሆነ። እና የወጣ ዕለት ምን ሆነ፣ ሁሉን ስኪል 99 የጨረሰውም፣ ለአምስት ዓመት የጠፋውም፣ ትናንት የጀመረውም መርከብ ላይ ሌቭል 1 ነበሩ። ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም፣ ብዙ ሰውም የተመለሰው በዛ ሰበብ ነው።

መመለስ ለምታስቡ ሰዎች አንድ ተግባራዊ ነገር፣ የድሮ የሩንስኬፕ አካውንታችሁ ከተገኘ ለሁለቱም ጌም ይሰራል ግን ሴቩ የተለያየ ነው፣ ሩንስኬፕ 3 ስትከፍቱ የድሮው ካራክተራችሁ ከነሌቭሉ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ኦልድ ስኩል ስትከፍቱ ደግሞ ቱቶሪያል አይላንድ ላይ ትጣላላችሁ። አንዳንዱ ሰው ተሰረቅኩ ብሎ ይደነግጣል፣ አልተሰረቃችሁም። እኔ ሁለቱንም ከፍቻቸዋለሁ፣ ሩንስኬፕ 3 ላይ ባንኬን አየት አየት አድርጌ ወጣሁ፣ ለመቆየት የመረጥኩት ባዶ እጄን የተጣልኩበትን ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ድምፁ ስለማይደርስበት ቦታ። ተጫዋቹ ስለ ስኪል፣ ስለ ጭራቅ፣ ስለ ዕቃ ይጠየቃል። ድርጅቱ ለማን እንደሚሸጥና ሜምበርሺፑ ስንት እንደሚሆን ግን አይጠየቅም። ጃጌክስ ባለፉት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው የቆየው፣ 2016 ላይ ቻይናዎች ገዙት፣ 2021 ላይ ካርላይል የሚባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት፣ 2024 ላይ ደግሞ ሲቪሲ የሚባል ሌላ የኢንቨስትመንት ድርጅት። የወር ክፍያውም ወጣ ወጣ ብሏል። ጃንዋሪ 2025 ላይ ለተጫዋቾች የተላከ ዳሰሳ ውስጥ የተለያየ ዋጋ ያላቸው የሜምበርሺፕ ዓይነቶች ሐሳብ ቀርቦ ነበረ፣ ርካሹ ማስታወቂያ ሊኖርበት እንደሚችል የሚጠቁም ጭምር፣ ሰዉ በቁጣ ሜምበርሺፑን መሰረዝ ሲጀምር ድርጅቱ ወዲያው አፈገፈገ። ያን ጊዜ 75 በመቶም 70 በመቶም የሚባል ነገር አልነበረም፣ ድምፁ የተሰጠው በካርድ ነው፣ ካርድ የሌለን ቦንድ ገዢዎች ደግሞ ዳር ቆመን ነው ያየነው።